ስልክ ሲገዛ፣ አፕዴት ሲደረግ፣ አገር ቤት ሲላክ

ለስማርት ስልክ የሚመጣ አፕዴት ሁለት ዓይነት ነው። ትልቁ በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ይመጣል፤ የስልኩን መልክና አሠራር ይለውጣል፤ ቁጥሩም ይጨምራል፤ አንድሮይድ 15 የነበረው 16 ይሆናል። ትንሹ የደኅንነት አፕዴት ነው፤ መልክ አይለውጥም፤ ሥራው ሌባ በኢንተርኔት ሊገባበት የሚችለውን ቀዳዳ መድፈን ነው። ሰው የሚያወራው ስለ ትልቁ ነው፤ የባንክ አፕ፣ የቪዛ መረጃና የልጆች ፎቶ ያለበትን ስልክ የሚጠብቀው ግን ትንሹ ነው። ስለዚህ ስልክ ሲመረጥ ከካሜራውና ከስክሪኑ በፊት መታየት ያለበት የደኅንነት አፕዴቱ እስከ መቼ እንደሚመጣ ነው። ያ ቀን የዋጋው አካል ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ገበያው ላይ በዋናነት የቀሩት ሁለት ሲስተሞች ናቸው፤ የአፕል አይኦኤስና የጉግል አንድሮይድ። የማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ስልክ ድጋፍ በ2020 መጀመሪያ አብቅቷል፤ ብላክቤሪም የድሮ ስልኮቹን አገልግሎት በጃንዋሪ 2022 ዘግቷል። የቀሩት ሁለቱ አፕዴት የሚያደርሱበት መንገድ በጣም ይለያያል።

አፕል ስልኩንም ሲስተሙንም የሚሠራው ራሱ ነው። በሴፕቴምበር 16 ቀን 2024 አይኦኤስ 18 ሲወጣ በ2018 ለገበያ የቀረበው አይፎን ኤክስኤስ ሳይቀር በዚያው ቀን አገኘው፤ ለንደን ኬንቲሽ ታውን ያለውም ጎንደር ያለውም እኩል። አንድሮይድ ግን በብዙ እጅ ያልፋል። ጉግል ይጽፈዋል፤ እንደ ኳልኮምና ሚዲያቴክ ያሉት ቺፕ ሠሪዎች ከቺፓቸው ጋር ያስማሙታል፤ ከዚያ ሳምሰንግ ወይም ሌላው ስልክ ሠሪ የራሱን መልክ አልብሶ፣ ፈትሾ ይለቀዋል። አንድሮይድ 15 ለጉግል ፒክስል ስልኮች የደረሰው በኦክቶበር 2024 ነበር፤ ለጋላክሲ ኤስ24 ግን እስከ ኤፕሪል 2025 ቆየ። ጉግል ይህን መዘግየት ለማሳጠር ደክሟል። በ2017 ከአንድሮይድ 8 ጋር ሲስተሙን ከቺፑ ሶፍትዌር የሚለይ አሠራር አመጣ፤ በ2019 ከአንድሮይድ 10 ጋር ደግሞ የሲስተሙ አንዳንድ ክፍሎች በፕሌይ ስቶር በኩል በቀጥታ እንዲታደሱ አደረገ። አንድ አንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ሁለት የተለያዩ የአፕዴት ቀኖች የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ የስልክ ሠሪው፣ ሌላው የጉግል ፕሌይ። ሁለቱም መታየት አለባቸው።

ከመግዛት በፊት

በብሪታንያ ገዢው የሚይዘው የሕግ መሣሪያ አለ። በ2022 የጸደቀውና ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የምርት ደኅንነት ሕግ ኢንተርኔት የሚጠቀም አዲስ ዕቃ የሚያቀርብ አምራች ሁሉ የደኅንነት አፕዴቱ ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚቆይ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሕጉ ስንት ዓመት መሆን እንዳለበት አይወስንም፤ ቀኑ ይነገር ነው የሚለው። የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ ቢያንስ የ5 ዓመት አፕዴት የሚጠይቅ ደንብ አውጥቷል፤ ለንደን ግን ከኅብረቱ ውጪ ስለሆነች ያ ደንብ እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ኬንቲሽ ታውን ሮድ ላይ ካለ ሱቅ አዲስ ስልክ የሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «የዚህ ስልክ የደኅንነት አፕዴት መቼ ያበቃል?» መሆን አለበት። ሻጩ ካላወቀ መልሱ በአምራቹ ገጽ ላይ ይገኛል፤ ሳይገኝ ገንዘብ አይከፈልም።

የሚነገረው ቀን የሚቆጠረው ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ላይ ከዋለበት ዕለት ነው፤ ገዢው ከገዛበት ዕለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ሣጥኑ ሳይከፈት ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት ቢቀመጥ እነዚያ ሁለት ዓመታት ከዕድሜው ላይ ሄደዋል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ያስደነግጣል። ጉግል ለፒክስል 6 የደኅንነት አፕዴት የሚሰጠው እስከ ኦክቶበር 2026 ነው፤ ለፒክስል 7 እስከ ኦክቶበር 2027። ከፒክስል 7 በአንድ ዓመት ብቻ የሚያንሰው ፒክስል 8 ግን የ7 ዓመት ቃል ስለተገባለት እስከ ኦክቶበር 2030 ይሄዳል። የአንድ ዓመት ታናሽነት የሦስት ዓመት ዕድሜ ጨመረለት ማለት ነው። ሳምሰንግ ቤትም እንዲሁ ነው፤ በ2023 መጀመሪያ የወጣው ጋላክሲ ኤስ23 የ5 ዓመት የደኅንነት አፕዴት ሲኖረው፣ በጃንዋሪ 2024 የወጣው ኤስ24 የ7 ዓመት አለው። ያገለገለ ስልክ የሚፈልግ ሰው ይህን ድንበር ቢያስታውስ ይጠቀማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ከሆነ አዲሱን መውሰድ ነው የሚያዋጣው። ከሳምሰንግ ርካሽ ሞዴሎች መካከል በ2024 የወጣው ጋላክሲ ኤ16 የ6 ዓመት ቃል ስላለው ኪስ የማይጎዳ ስልክ ለሚፈልግ ጥሩ ምርጫ ነው።

አፕል በጽሑፍ የሚገባው ቃል አጭር ነው፤ በብሪታንያው ሕግ መሠረት ለአይፎን 15 ፕሮ ማክስ ያሳወቀው ቢያንስ 5 ዓመት ነው። ልማዱ ግን ከቃሉ ይረዝማል። በ2018 የወጡት አይፎን ኤክስኤስና ኤክስአር ትልቁን አፕዴት ሲቀበሉ ቆይተው የተተዉት በሴፕቴምበር 2025 አይኦኤስ 26 ሲወጣ ነው፤ በ2013 የወጣው አይፎን 5ኤስ ደግሞ በጃንዋሪ 2023 የደኅንነት አፕዴት አግኝቷል። ልማድ ግን ውል አይደለም፤ ገዢ ሲያሰላ 5ቱን ዓመት ይዞ፣ የተረፈውን እንደ ምርቃት መቁጠር ነው ያለበት።

ያገለገለ ስልክ ሱቅ ውስጥ ገና ባንኮኒው ላይ እንዳለ ይመረመራል። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ውስጥ ይገባና የሞዴል ቁጥሩ የመጀመሪያ ፊደል ይታያል። ኤም ከሆነ እንደ አዲስ የተሸጠ ነው፤ ኤፍ ከሆነ አፕል ራሱ አድሶ የሸጠው፤ ኤን ከሆነ በተበላሸ ስልክ ምትክ የተሰጠ። ቀጥሎ ባትሪ ውስጥ ተገብቶ የባትሪው ጤንነት በመቶኛ ይነበባል፤ ከ80 በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያው ከዋጋው ላይ ይቀነስ ተብሎ ይጠየቃል። አንድሮይድ ከሆነ አባውት ፎን ውስጥ የአንድሮይድ ደኅንነት አፕዴት የሚለው መስመር ላይ ያለው ቀን ይታያል። ቀኑ ካለፈ ወራት ከተቆጠሩ ሱቁ ውስጥ በዋይፋይ «አፕዴት ፈልግ» የሚለው ይነካል፤ «ስልክዎ የታደሰ ነው» ካለና ቀኑ ካልተነቃነቀ ድጋፉ አብቅቷል ወይም ሊያበቃ ነው። በመጨረሻም *#06# ተደውሎ የሚወጣው ቁጥር ሣጥኑና ደረሰኙ ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል።

ደረሰኙ መቀመጥ አለበት። የ2015 የብሪታንያ የሸማቾች መብት ሕግ ከነጋዴ ለተገዛ ያገለገለ ዕቃም ይሠራል፤ ጉድለት ያለበትን ስልክ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ሙሉ ገንዘብ መቀበል ይቻላል። በኢንተርኔት ከግለሰብ የተገዛ ስልክ ይህን ያህል ጥበቃ የለውም።

አፕዴት ከመደረጉ በፊት

አስቀድሞ ባክአፕ ይደረጋል። አፕል በነጻ የሚሰጠው ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ በፎቶ ቶሎ ይሞላል፤ የጉግል 15 ጊጋባይት ነው። የዋትስአፕ መልእክት ለብቻው ነው የሚታሰበው፤ አፑ ውስጥ ቻትስ፣ ቻት ባክአፕ ተብሎ ይሠራል፤ አንድሮይድ ላይ ከ2024 ወዲህ ከዚያው ከ15 ጊጋባይቱ ይቀነሳል። የቴሌግራም መልእክት ከምሥጢራዊ ቻት በስተቀር በራሱ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ አያሳስብም።

ከዚያ ቦታ ይለቀቃል። ትልቁ አፕዴት በጊጋባይት የሚቆጠር ነጻ ቦታ ይፈልጋል፤ ስልክ የሚሞላው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከየቡድኑ በሚላኩ የዋትስአፕና የቴሌግራም ቪዲዮዎች ነው። ከሁለቱ አፖች ሴቲንግ ውስጥ ስቶሬጅ የሚለው ተከፍቶ ትልልቆቹ ቢጠፉ በቂ ቦታ ይገኛል፤ የቤተሰብ ፎቶ ማጥፋት አያስፈልግም።

ሦስተኛው ነገር ትንሽ ቢመስልም ብዙ ሰው አስለቅሷል። የስልኩ የይለፍ ቁጥር መታወስ አለበት። በጣት አሻራ ወይም በፊት ብቻ ሲከፍት የኖረ ሰው ቁጥሩን ይረሳዋል፤ ስልክ ከአፕዴት በኋላ ሲነሣ ግን አሻራም ፊትም አይቀበልም፤ ቁጥሩን ነው የሚጠይቀው። ያልታወሰ ቁጥር መጨረሻው ስልኩን ባዶ ማድረግ ነው። የአፕል ወይም የጉግል አካውንት የይለፍ ቃልም አብሮ ይረጋገጣል።

ቤቱ ዋይፋይ የሌለው ሰው ኬንቲሽ ታውን ሮድ ላይ ያለውን የካምደን ቤተ መጻሕፍት ነጻ ዋይፋይ መጠቀም ይችላል። የሲስተም አፕዴት የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ ስላለበትና ስልኩም ፊርማውን ሳያረጋግጥ ስለማይጭነው በሕዝብ ዋይፋይ ማውረዱ አያሰጋም። እዚያው ላይ ተጠይቆ ያልመጣ «ስልክዎን ያድሱ» የሚል የድረ ገጽ ማስታወቂያ ግን በጭራሽ አይነካም፤ እውነተኛ አፕዴት የሚመጣው በሴቲንግ በኩል ብቻ ነው።

መቼ ይጫን?

የደኅንነት አፕዴት በመጣበት ሳምንት ይጫናል። ትልቁ ግን ሁለት ሳምንት ቢታገሡለት ጉዳት የለውም። ሳምሰንግ በኤፕሪል 2025 ለኤስ24 መልቀቅ የጀመረውን አዲስ ሲስተም ችግር ስለተገኘበት ለጥቂት ቀናት አቁሞ እንደገና ቀጥሏል፤ የቸኮሉት ችግሩን ቀመሱት፣ የታገሡት የተስተካከለውን አገኙ። የደኅንነት አፕዴትም ቢሆን አልፎ አልፎ ይሳሳታል። አፕል በጁላይ 2023 በአስቸኳይ የለቀቀው አንዱ አንዳንድ ድረ ገጾች በአሳሹ እንዳይከፈቱ ስላደረገ ወዲያው ተሰብስቧል፤ የተስተካከለው ግን በሁለት ቀን ውስጥ መጣ። ከዚያ ዓይነቱ የሁለት ቀን ችግር ይልቅ ለወራት ክፍት የሚቆይ ቀዳዳ ይከፋል። ስለዚህ አውቶማቲክ አፕዴት ተከፍቶ መተው አለበት። አይፎን ላይ አውቶማቲኩ ለሁሉም በአንድ ቀን ስለማይደርስ በራሱ የጥቂት ሳምንት ትዕግሥት አለው።

አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ ሶፍትዌር አፕዴት ይከፈታል። ከአይኦኤስ 15 ወዲህ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ምርጫ ይቀርባል፤ ወደ አዲሱ መሻገር፣ ወይም በነበሩበት ላይ የደኅንነት አፕዴቱን ብቻ መውሰድ። ለመቆየት የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። ሳምሰንግ ላይ ሴቲንግ መጨረሻ አካባቢ ሶፍትዌር አፕዴት የሚለው አለ፤ ፒክስል ላይ ሲስተም ውስጥ ነው። ፒክስልና ሌሎች ብዙ አንድሮይድ ስልኮች አዲሱን ሲስተም ከበስተኋላ ጭነው ሪስታርት ብቻ ይጠይቃሉ። ሳምሰንግ ይህን የጀመረው በ2024 በጋላክሲ ኤ55 ነው፤ የቀድሞዎቹ ሳምሰንጎች ሲጫንባቸው ለጥቂት ጊዜ ከሥራ ውጪ ይሆናሉ። ከሐኪም ቤት ስልክ በሚጠበቅበት ጠዋት አይጀመርም፤ ሌሊት ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ቢሆን ይመረጣል።

መመለሻ እንደሌለ መታወቅ አለበት። አፕል አዲሱን ከለቀቀ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለቀድሞው ፊርማ መስጠት ያቆማል፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። አንድሮይድ ላይም ለተራ ተጠቃሚ መመለስ የማይቻል ያህል ነው። ሁለት ሳምንት መታገሥ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ከተጫነ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ባትሪ ቶሎ ያልቃል፤ ስልኩም ይሞቃል። ስልኩ ፎቶዎችንና ፋይሎችን እንደገና እየዘረዘረ፣ አፖቹንም እያደሰ ስለሆነ ነው፤ ሳምንት ካለፈውና ካልተሻለ ግን ባትሪው ይፈተሻል።

«አፕዴት ስልክ ያዘገያል» የሚለው እምነት ከምንም አልተነሣም። በዲሴምበር 2017 አፕል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በአፕዴት ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ አምኗል፤ ምክንያቱ ያረጀ ባትሪ በድንገት ስልኩን እንዳያጠፋ ነው ብሏል። ጥፋቱ መቀነሱ ብቻ ሳይሆን ለባለቤቱ አለመናገሩ ነበር፤ የፈረንሳይ መንግሥት በ2020 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። የባትሪ ጤንነት የሚታይበት ገጽ በ2018 የመጣው አፕል ይህን ካመነ በኋላ ነው። አንድሮይድም ከዚህ አላመለጠም፤ በጃንዋሪ 2025 ጉግል ለፒክስል 4ኤ የላከው አፕዴት በአንዳንዶቹ ስልኮች ላይ ባትሪው የሚይዘውን ኃይል ቀንሷል። ከሁለቱም የሚወሰደው ትምህርት አፕዴትን መሸሽ አይደለም፤ የዘገየ ስልክ ሲያጋጥም አዲስ ስልክ ከመግዛት በፊት ባትሪውን ማስቀየር ነው። የባትሪ ዋጋ ከስልክ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ከዚያ መልኩን ማስተካከል ይቀራል። አይኦኤስ 26 ብርጭቆ መሳይ አሳላፊ ገጽታ ይዞ መጥቷል፤ ዓይኑ ለደከመ ሰው ጽሑፉ ከጀርባው ምስል ጋር ይቀላቀልበታል። አክሰሰቢሊቲ ውስጥ ገብቶ አሳላፊነቱን መቀነስ ይቻላል፤ በ26.1 ደግሞ ገጽታውን የሚያደምቅ ምርጫ ተጨምሯል። ሳምሰንግ አንድሮይድን የሚያለብሰው መልክ፣ ዋን ዩአይ 7፣ የማሳወቂያውንና የፈጣን አዝራሮቹን መጋረጃ ለሁለት ከፍሏል፤ ከላይ በግራ ሲጎተት ማሳወቂያ፣ በቀኝ ሲጎተት አዝራሮቹ ይወርዳሉ። ብዙ ሰው ዋይፋይ ማጥፊያው የጠፋበት በዚህ ነው። የቀድሞውን የሚወድ የአዝራሮቹን ገጽ ከፍቶ የእርሳሷን ምልክት ይነካና በፓነሉ ሴቲንግ ሁለቱን አንድ ላይ ያደርጋቸዋል።

የአማርኛ ኪቦርድም ይፈተሻል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ማንበብ ዛሬ በየትኛውም አዲስ ስልክ ችግር አይደለም፤ የሚያስቸግረው መጻፍ ነው። አንድሮይድ ላይ የጉግል ጂቦርድ አማርኛ ስላለውና በየጊዜው ስለሚታደስ ከአፕዴት በኋላ እምብዛም አያስቸግርም። ከግለሰብ ሠሪ የመጣና ለዓመታት ያልታደሰ ኪቦርድ ግን በትልቅ አፕዴት ሊበላሽ ይችላል። ኪቦርድ የሚጻፈውን ሁሉ ስለሚያይ «ሙሉ ፈቃድ» የሚሰጠው ለሚታወቅ ሠሪ ብቻ ነው።

ወደ አገር ቤት የሚላክ ስልክ

ከኬንቲሽ ታውን ጣቢያ ወደ ተፍኔል ፓርክ የሚወጣው ፎርተስ ሮድ በኢትዮጵያ ምግብ ቤቶቹ የሚታወቅ ነው፤ በዚህ ሰፈር ለሚኖር ሐበሻ የሚሄድ ሰው ሲገኝ በእጁ ስልክ መላክ የተለመደ ነው። ይህ ስልክ ከራስ ስልክ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እዚያ ሆኖ የሚያስተካክለው ሰው ላይኖር ይችላል።

የሚመረጠው ቢያንስ የ3 ዓመት የደኅንነት አፕዴት የቀረው ነው። አዲስ አበባ ላይ ዳታ ከኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ከ2022 ጀምሮ ከሚሠራው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሲገዛ በጥቅል ተቆጥሮ ነው፤ ብዙ ጊጋባይት የሚፈጅ አፕዴት የእናትን የወር ጥቅል በአንድ ሌሊት ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ሲስተሙም አፖቹም ለንደን ላይ በዋይፋይ እስከ መጨረሻው ይታደሳሉ፤ ከዚያ አፕዴት በዋይፋይ ብቻ እንዲወርድ ይስተካከላል። ሄደው ዋይፋይ የሚያገኙበት የዘመድ ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ካለ በወር አንድ ጊዜ እዚያ እንዲያገናኙት ይነገራቸዋል።

ሁለተኛ፣ ስልኩ ለአንድ ኔትወርክ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑ ይጣራል። የብሪታንያ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ የተቆለፈ ስልክ መሸጥን ከልክሏል፤ ከዚያ በፊት የተሸጠ ግን ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። የሌላ ኔትወርክ ሲም ገብቶበት ከሠራ ክፍት ነው።

ሦስተኛ፣ የላኪው አካውንት ከስልኩ ላይ ይወጣል። አይፎን ላይ ፋይንድ ማይ ሳይዘጋ፣ አንድሮይድ ላይ የጉግል አካውንት ሳይወጣ ስልኩ ባዶ ከተደረገ የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል እየጠየቀ አልከፍት ሊል ይችላል፤ ይህ የሌባ መከላከያ ነው፤ ግን ጎንደር ላይ ያለች አክስትንም ከሌባ አይለይም። ቅደም ተከተሉ፣ አካውንት ማውጣት፣ ባዶ ማድረግ፣ በተቀባዩ ስም መክፈት፣ ማደስ ነው። ፊደሉን ማተለቅና የአማርኛ ኪቦርድ ማስገባት እዚያው ይጨረሳል።

ድጋፉ ሲያበቃ

ድጋፉ ያበቃ ስልክ በአንድ ጊዜ አይሞትም፤ አፖቹ አንድ በአንድ ይተዉታል። ዋትስአፕ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ከአንድሮይድ 5 በታች፣ ከሜይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ከአይኦኤስ 15.1 በታች ባለ ስልክ ላይ አይሠራም፤ በዚህም አይፎን 5ኤስና አይፎን 6 ወጥተዋል። በሴፕቴምበር 7 ቀን 2025 በመላው ብሪታንያ የተሞከረው የመንግሥት የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ በእርግጠኝነት የሚደርሰው አይኦኤስ 14.5 እና ከዚያ በላይ ወይም አንድሮይድ 11 እና ከዚያ በላይ ላላቸው ነው። የመኖሪያ ካርድን ለተካው ኢቪዛ ማንነት ለማረጋገጥ የሚያገለግለው አፕም አይፎን 7 ወይም ከዚያ የበለጠ፣ አለዚያም በንክኪ ክፍያ የሚፈጽም አንድሮይድ ይፈልጋል።

የደኅንነት አፕዴቱ ካቆመ የባንክ አፕ፣ ኢሜይልና የቪዛ አካውንት ከስልኩ ላይ በዚያው ወር ይነሣሉ። ሲሙ ወጥቶ ለመዝሙር፣ ለሬዲዮ ወይም ለሰዓት ማንቂያ ሊያገለግል ይችላል። ለዚያም የማይፈለግ ከሆነ አካውንቱ ወጥቶ፣ ባዶ ተደርጎ፣ ለአሮጌ የኤሌክትሪክ ዕቃ ወደተዘጋጀ መሰብሰቢያ ይወሰዳል፤ ባትሪው ሊቃጠል ስለሚችል ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም።